ጭቃው ይወልዳል

አባቴ ባየህ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቁሐር ሚካኤል በሚገኘው ቤቱ አረፈ። የተወለደበትን ዓመት ግን እርግጠኛ ሆኜ መጻፍ አልችልም። ለቀበሌ መታወቂያ 1943 ብሎ አስመዝግቧል፤ ለጤና መድን 1946። እኔ ስጠይቀው ደግሞ «ጎርፉ የአጎቴን ጎጆ በወሰደበት ክረምት» ይለኝ ነበር። አጎቱ ሦስት ጊዜ ጎጆ ቀልሷል፤ ሦስቱንም ጎርፍ ወስዶታል። ስለዚህ ሦስት ዓመታት ጽፌ ከእያንዳንዱ ጎን የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ።

ወረታ ውስጥ የፎገራ ከብት ዝርያ መዝገብ እይዛለሁ። ጥጃ ሲወለድ ቁጥሩ፣ ፆታው፣ ቀለሙ፣ እናቱና አባቱ በየረድፉ ይሞላሉ። የአባት ረድፍ አንዳንዴ ባዶ ይሆናል፤ ኮርማ ከሜዳ ይመጣል፣ ተመልሶ ይሄዳል። የእናት ረድፍ ባዶ ሆኖ የመጣልኝን ቅጽ ግን መልሼ እልከዋለሁ። እናቱ ያልታወቀች ጥጃ ሊኖር ይችላል፤ እናት ያልወለደችው ጥጃ ግን የለም።

አባቴ ይህን ለጥጃ ይቀበል ነበር። ለዓሣ ግን አልቀበልም ብሎ ስድስት ዓመት ተከራክሮኛል። አሁን የምጽፈው በዋናነት ስለዚያ ክርክር ነው፤ ምክንያቱም የአባቴ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ደግሞም ከቀብሩ ወዲህ እጄ ሥራ ሲፈታ አላርፍ ብሎኛል።

የክርክሩ መነሻ ሜዳው ነው። በሚያዝያ የፎገራ መሬት እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከዚያ ክረምቱ ይገባል፤ ሜዳው በውኃ ይሞላል፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ የከብት ኮቴ በቋጠረው ውኃ ውስጥ ሳይቀር አምባዛ፣ ያ ጢም ያለው ጥቁር ዓሣ፣ ሲንፈራገጥ ይገኛል። አባቴ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ አይቷል። አባቱም አይቷል። «ትናንት አቧራ የነበረ ቦታ ላይ ዛሬ ዓሣ ካገኘሁ፣ ማን አመጣው ልበል? ጭቃው ይወልዳል» ይላል። ያየው ነገር ውሸት አልነበረም። ያላየው፣ ዓሣዎቹ ከወንዙ ወጥተው በረጠበ ሣር ላይ በሆዳቸው እየተሳቡ መምጣታቸውን ነው።

ከማሳው ጥግ ከአባቱ የወረሳት ኩሬ አለችው። በግንቦትም ቢሆን መሐሏ አይደርቅም። ገበሬ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ተብሎ ቢጠራ ይቀየማል። ነገር ግን ከእርሻ በተረፈው ሰዓት ሁሉ እዚያች ኩሬ ዳር ቁጭ ብሎ፣ በሸምበቆ የሠራውን ወጥመድ ሲያነሣና ሲጥል እያየሁት ነው ያደግሁት። ሩዝ ሲመጣና የግጦሹ ሜዳ ሲያልቅ ላሞቹን አንድ በአንድ ሸጠ። ኩሬዋን ደልድለህ ሩዝ ዝራባት ሲሉት ግን «ይቺማ ላሜ ናት» ብሎ እምቢ አለ።

በ2008 ጎርፍ ለመከላከል ከወንዙ ዳር የአፈር ክምር ተደረደረ። ሰፈሩ ከጎርፍ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ኩሬዋን የሚሞላት ዝናብ ብቻ ሆነ፤ ከወንዙ የሚመጣ ዓሣ የለም። ውስጧ የቀሩት እርስ በርሳቸው እየተዋለዱ ሁለት ክረምት ቆዩ። ይህን ያኔ ያስተዋለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላስተዋልሁም።

በሰኔ 2010 ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቅሁ። የሐዋርያት ጾም ገብቶ ስለነበር በግ አይታረድም። አባቴ የብርብራ ፍሬ አስወቀጠ። ብርብራ ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በወጥመድ ለዓመታት ሲቆነጥራት የኖረውን ኩሬ በአንድ ጠዋት ባዶ አደረጋት። ሦስት ሰፌድ ዓሣ ወጣ። ወቅቱ ዝናብ ሊገባ ሲል ስለነበር እናቶቹ በሙሉ እንቁላል ይዘዋል። አባቴ እንቁላሉን ለብቻ ለይቶ አስጠበሰና በእጁ አጎረሰኝ።

«ብይ የኔ ምሁር። ይሄ የተመረቀ ሰው ምግብ ነው» አለኝ።

በላሁ። በባዮሎጂ የተሰጠኝን ወረቀት ግድግዳው ላይ እንደሰቀልነው በላሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ኩሬዋ ሞላች፤ ዓሣ የለም። እንቁራሪት ጮኸባት፣ አእዋፍ አረፉባት፤ አባቴ ወጥመዱን ጥሎ ቆሻሻ ያወጣል። «ጭቃው ደክሞት ነው፤ ይረፍ» አለ። በ2012ም አልመጣም። አባቴ መቀመጥ አቃተው። ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ እንደገና ይሄዳል። ከማሳው ይልቅ የሚያየው ኩሬዋን ሆነ። እናቴ ይታይሽ «ሚስት አስቀምጧል መሰለኝ እዚያ» ትላለች።

እኔ ያኔ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ስለነበር ነገሩን በማስረጃ ልጨርሰው አሰብሁ። የእናቴን ሁለት እንስራዎች ወሰድሁ። ከኩሬዋ ጭቃ በእኩል መጠን አደረግሁባቸው፤ አፍልቼ ያቀዘቀዝሁትን የዝናብ ውኃ ጨመርሁ። አንዱን ክፍት ተውሁ፤ የሌላውን አፍ በአሮጌ ሻሽ አጥብቄ አሰርሁ። አባቴ በርጩማ አምጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ክፍቱ እንስራ ውስጥ የሚወራጩ የትንኝ ትሎች ታዩ። አባቴ ተንደርድሮ መጣና ጠራኝ።

«ሰገን! ነይ እዪ! ወለደ!»

«ትንኝ እንቁላሏን ጥላበት ነው፣ አባዬ። እስቲ የታሰረውን ፍታው።»

ፈታው። ውኃው ጸጥ ብሏል፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም። አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ «አፍነሽው እንዴት ይውለድ? እናትሽንስ አፍኜ ባስቀምጣት አንቺን ትወልድ ነበር?» አለኝ።

«ሞክረህም ነበር» አለች እናቴ ከማጀት።

በሻሹ ፈንታ አየር የሚያስገባ የትንኝ አጎበር ቁራጭ አስሬ እንደገና ጀመርሁ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ምንም የለም። ይህንንም አሳየሁት።

«አፍሮ ነው» አለ አባቴ። «ቀን ተሌሊት አፍጥጠሽበት! ጭቃ ሰው እያየው አይወልድም።»

እናቴ እንስራዎቿን አጥባ ወሰደች። እኔ ውጤቱን ከነቀኑ ጻፍሁ። አባቴ ወደ ኩሬዋ ሄደ።

እንዲህ እያልን ኖርን። በየዓመቱ በሰኔ ወንድሜ አንለይ ይደውልልኝና «አባትሽ ጀምሯል» ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ አገኘዋለሁ፤ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃውን በዱላ ያማስላል፣ ያዳምጣል። ጎረቤት ሲያልፍ «እንዴት ነው ባየህ፣ ምጥ ያዛት?» ይለዋል። እሱ ማማሰሉን ይቀጥላል። አንድ ጊዜ እኔን ብቻ «አባቴ ያወረሰኝ ነች፤ በኔ እጅ ደረቀች ይባል?» አለኝ። ብርብራውን ያስወቀጠው ለማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በ2016 መጨረሻ ታመመ። ጉበቱ ነው አሉን። ሆዱ አበጠ፣ እግሩ ሳሳ። ረጅም መንገድ እንዳይሄድ ተከለከለ።

ሐምሌ 9 ቀን 2017፣ ረቡዕ፣ ለምሳ ስወጣ ወረታ መገንጠያው ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ አፍ፣ አንድ ባጃጅ ቆሞ አየሁ። አባቴ ውስጡ ተቀምጧል። ጉልበቱ መሐል አፏ የተቆረጠች ቢጫ ጀሪካን ይዟል፤ ጋቢው እስከ ደረቱ ርሷል። ሹፌሩ፣ ይሄይስ የሚባለው የሰፈራችን ሰው፣ ወርዶ ወለሉን በጨርቅ ይወለውላል።

«አባዬ! እዚህ ምን ትሠራለህ? አትውጣ ተብለህ የለ?»

«አንቺስ ሥራ የለሽም?»

ይሄይስ ቀና ብሎ ሳቀ። «አባትሽ ባጃጄን ጣና አደረጓት። ከርብ ወንዝ ድልድይ ጀምሮ እግሬ ውኃ ውስጥ ነው። ወንዱ ዘሎ ወጥቶ ፍሬኑ ላይ ተኛብኝ። ትራፊክ ቢያስቆመኝ ምን ልል ነበር?»

«ተሳፋሪ ነው በለው» አለ አባቴ።

ጀሪካኗ ውስጥ ሁለት አምባዛዎች ተጠማዝዘው ተኝተዋል። የአንዷ ሆድ በእንቁላል ተወጥሯል፤ የጅራቷ ጫፍ ተቆርጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው። ዩኒቨርሲቲ አላሳዩሽም?»

«ወዴት ነው የምትወስዳቸው?»

በመገንጠያው የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ያያል። ትንፋሹ አጭር ነበር።

«ጭቃው አርጅቷል» አለኝ በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳይመልስ። «ብቻውን አልቻለም። ላግዘው ብዬ ነው።»

«በእናትና በአባት ነው የምታግዘው?»

«በይ አሁን አታድክሚኝ። ግቢ።»

ገባሁ። ቁሐር እስክንደርስ ጀሪካኗን እኔ ያዝሁ። ኩሬዋ ጋ ስንደርስ ከቦርሳዬ ሜትር አውጥቼ ለካኋቸው፤ እናቲቱ 63 ሳንቲ ሜትር፣ አባትየው 55። አባቴ ቆሞ «ልብስ ልታሰፊላቸው ነው?» አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ተንበርክከን ጀሪካኗን አዘነበልናት። እናቲቱ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ጭቃውን አስነሥታ ጠፋች።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። «ቁሐር ሙሉ ይስቅብኛል። ለአንለይም፣ ለእናትሽም። በሚካኤል በይ።»

«በሚካኤል።»

በመስከረም ኩሬዋ ዳር ዳሩን ጣት የሚያህሉ ጥቋቁር ዓሣዎች ታዩ። ሰው ሁሉ እየመጣ «ባየህ፣ ጭቃህ ወለደ!» ይለዋል። አባቴ እኔን አየት ያደርግና «ወለደ» ይላል። አንድም ቀን «አላልሁሽም?» ብሎኝ አያውቅም። ተመልሶ መቀመጥ ቻለ። ቡናውን ሦስተኛውን ድረስ ይጠጣ ጀመር። ሚካኤል በነገሠ ማግሥት ሞተ።

አርባው ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ ይውል ነበር። እሑድ ዘመድ ሁሉ ግቢያችን ተሰበሰበ። ጾመ ነቢያት ነው። በዚህ ጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፤ በእኛ ሰፈር የሚበላው ይበዛል። የተዝካሩ ነገር ሲወራ ቆይቶ አንለይ አንድ ጆንያ ጎትቶ አመጣና መሐላችን አስቀመጠው። ሽታውን ለየሁት። የተወቀጠ ብርብራ ነው።

«የአባቴ ተዝካር በአባቴ ዓሣ ይሁን» አለ። «ስንዝር አልፈዋል። ነገ ጠዋት እናወጣቸዋለን። ሽሮማ በየቤቱ አለ።»

ሰው ሁሉ ተስማማ። አንዱ አጎታችን «ነፍሱ ደስ ይላታል» አለ።

«ገና ልጆች ናቸው። ይደጉ» አልሁ።

«ትልልቆችም አሉ፤ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ። አንዷ ይችን ታህላለች» ብሎ አንለይ ክንዱን ዘረጋ።

እናቲቱ ናት።

«አንለይ፣ እነዚህን ካወጣህ ሌላ አይመጣም። ከወንዙ የሚገባ የለም። አለቀ ማለት ነው።»

«ጀመረች ደግሞ! እህቴ፣ ስድስት ዓመት ጭቃው ዐርፎ ይኸው ወለደ። ዛሬ ብናወጣ ነገ ዐርፎ ይወልዳል። አባታችን ራሱ ምን ይል ነበር? አንቺ የማታምኚው አባቴን ነው፣ ጭቃውን አይደለም።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ሰው ፊት ወጋኝ። ተነሣሁ፤ ተቀመጥሁ። ብናገር የማልሁበት አለ፤ አባቴም በአርባው መሳቂያ ይሆናል። ዝም ብል ደግሞ በታመመ ጉልበቱ ርብ ድረስ ሄዶ ያመጣት እናት በራሱ ቃል ተገድላ በራሱ ተዝካር ትበላለች። በምርቃቴ ዕለት የጎረስሁት እንቁላል አፌ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ጀመር።

«ጭቃው አልወለደም» አልሁ። «አባዬ ነው ያመጣቸው። ሐምሌ 9 ቀን፣ ከርብ፣ ሁለት ዓሣ፣ በባጃጅ። ለካኋቸው። ጽፌዋለሁ።» ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጹን ከፈትሁ።

አንለይ ደብተሩን ወሰደና አየው፤ መለሰልኝ።

«ደብተሩ ያንቺ፣ ጽሕፈቱ ያንቺ» አለ። ድምፁ ወርዷል። «አባቴ ሞቶ የማይመልስልሽ ጊዜ ጠብቀሽ ልትረቺው ነው? ታሞ ከቤት አትውጣ የተባለ ሰው ርብ ድረስ ሄደ?»

መዝገብ ለማያምንበት ሰው ወረቀት ነው። ይሄይስ ይመሰክር ነበር፤ ግን ያን ሰሞን ጎንደር ነበር፤ ስልኩም ዝግ።

እናቴ ከለቀስተኞቹ መሐል ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ አፏ የተቆረጠችውን ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። አንለይ እግር ሥር አስቀመጠቻት።

«ይችን የጠላ ጀሪካኔን ማን አንገቷን ቆረጣት ብዬ ክረምቱን ሙሉ ስጨቃጨቅ ነበር» አለች። «ከአልጋው ሥር ደብቋት ሞተ። ሲያጥቡት ነው ያገኘኋት። አሽትታት።»

አንለይ አንሥቶ አሸተታት። ፊቱን እዚያው ጀሪካኗ ውስጥ አቆየው። ትከሻው ሲነቃነቅ እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀም ነው።

«በባጃጅ?» አለኝ። «ዓሣ በባጃጅ?»

«ወንዱ ፍሬን ላይ ተኝቶ ነበር።»

አጎታችን ሳቁ ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም። አባቴ የፈራው ደረሰ፤ ቁሐር ሳቀበት። እኔ ግን እንደ ፈራሁት አልሆነብኝም።

መምሬ ወልደ ሥላሴ፣ የአባቴ የንስሐ አባት፣ እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ወደ አንለይ ዞሩ።

«የመጀመሪያውን ዓሣ በዕለተ ሐሙስ ከውኃ ያወጣ ፈጣሪ ነው፤ እሱን ባየህ አልተሳሳተም። ከዚያ በኋላ ግን መዋለዱን የሰጠው ለዓሣው ነው እንጂ ለጭቃው አይደለም። ጆንያህን አንሣ። ሽሮ ይበቃናል፤ እኔ እንደሆን ዓሣ በጾም አልበላም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ መሐላ አፍርሰሻል። አርባ ስግደት አለብሽ።»

«ይሁን አባቴ» አልሁ። ሰገድሁ። ቆጥሬ።

ብርብራውን አንለይ ከግቢው ውጭ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ተዝካሩ በሽሮና በክክ ወጣ።

አሁን መጋቢት ነው። ውኃው በየሳምንቱ ጣት ያህል ይወርዳል፤ ዝናብ እስኪገባ ሦስት ወር ቀርቷል። ዓሣ የሚያድኑ ወፎች ቀኑን ሙሉ ዳር ቆመዋል። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ስለ ኩሬዋ አስባለሁ፤ የጥጃ ቅጽ እየሞላሁ ሰማዩን አያለሁ። አንለይ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሩዝ ማሳውን ትቶ የኩሬዋን መሐል በዶማ እያጠለቀ ነው። ጎረቤት ሲያልፍ «አንተንም ምጥ ያዘህ?» ይለዋል አሉ።

ትናንት ደወለልኝ።

«ሰባት ቆጠርሁ» አለኝ።

«በስንት ሰዓት? አንዱን ሁለት ጊዜ አልቆጠርህም?»

«አንቺ ደግሞ! ሰባት አልሁሽ፣ ሰባት።»

«እናቲቱስ?»

ዶማው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል።

«አለች» አለኝ። «ጅራተ ቆራጣዋ። ከእግሬ ሥር ነች፤ ጥልቁ ውስጥ ገብታለች።»

ቀኑን ጻፍሁ። ከእናት ረድፍ ሥር፣ ከርብ፣ 63 ሳንቲ ሜትር፤ ያመጣት ባየህ።